ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ አይደለም

በወላይታ ገጠር ለሥራ የሚዘዋወር ሰው ያበጠ እግር ማየት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ አንሥቶ በቦዲቲ፣ በአረካና በጉኑኖ በኩል የተዘረጋው ቀይ አፈር ለእንሰቱ፣ ለስኳር ድንቹና ለጎደሬው የሚሰጠው ብዙ ቢሆንም፣ ዘመኑን ሙሉ በባዶ እግሩ ከሚረግጠው ገበሬ የሚወስደውም አለ። ዝሆኔ የምንለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የእግር እብጠት ከዚሁ አፈር ደቃቅ ቅንጣት የሚመጣ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ባካሄደው ጥናት አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሕክምና ወጪና በባከነ የሥራ ቀን በዞኑ ላይ የሚደርሰው ኪሣራ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚሆን ገምቷል።

ይህን በሚገባ የተረዳ የገበሬ ማኅበር መሪ ዛሬ ጥቂት አይደለም። እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ የሚባለው ትምህርት በየጤና ኬላው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበያው ሲነገር ቆይቷል። በተለይም ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር በዚህ ረገድ ያደረገው ጥረት በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ነው። ለዚህ የደከሙ ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ አንድን በሽታ አጥብቆ ማወቅ አንዳንድ ጊዜ ሌላውን እንዳናይ ያደርጋል። እግሩ ያበጠ ሁሉ ዝሆኔ ይባላል፤ ዝሆኔ ከተባለ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ አይገኝም። ይህ ጸሐፊ የሚሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

ባለፈው ዓመት የበልግ እርሻ በሚጀመርበት ሰሞን የበቆሎ አዘራር ለመመልከት በዳሞታ ሥር ወዳለ አንድ ቀበሌ ሄጄ በገበሬው ማኅበር ሊቀ መንበር ቤት አርፌ ነበር። ቡና የምታፈላው ምራታቸው ነበረች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አያልፍም። ከምንጭ ውሃ ይዛ ስትመጣ ከበሩ እስክትደርስ ሦስት ጊዜ እንስራዋን አውርዳ ስታርፍ አየሁ። ሁለቱም እግሮቿ እስከ ቅልጥሟ ድረስ አብጠዋል።

«ዝሆኔ ይዟት ነው» አሉኝ ሊቀ መንበሩ። «ሁለት ዓመት ሆናት። ጫማ ገዛንላት፣ በየቀኑ ትታጠባለች። ምንም አልተሻላት።»

«ጋሼ፣ ሌሊትስ በደንብ ትተኛለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት ትተኛለች፣ ልጄ! ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርሁት ስለ ሰብል ነው። ነገር ግን ተቀምጦ የሚያድር ሰው የእግር በሽተኛ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ለመጠርጠር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተጠርታ መጣችና አውራ ጣቷን በሴትየዋ ቅልጥም ላይ ጥቂት ጫን አድርጋ አነሣችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ በሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ጎድጉዶ ቀረ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያውም የሪፈር ወረቀት ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ሄደች። በዚያም ልቧ በመሣሪያ ታየ። አብሯት የሄደው ባለቤቷ ሲመለስ የነገረኝ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልጠፋም። «የልቧን በር በመስኮቱ ላይ አሳዩኝ። እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል፤ በደንብ አይከፈትም። እኛ ሁለት ዓመት እግሯን ስናጥብ የኖርነው ለካ በሽታው እዚያ ተቀምጦ ነው» አለኝ።

ይህች ሴት በልጅነቷ በጉሮሮ ሕመም የጀመረ የሩማቲክ ትኩሳት ይዟት የግራ ልቧን በር አጥብቦት ኖሯል። በሩ ሲጠብ ደም በሳንባዋ ውስጥ ተጠራቀመ፤ የሳንባዋ የደም ሥሮች ግፊት ጨመረ። ቀኝ ልቧ ያንን ግፊት ሲታገል ሰፋ፤ በመጨረሻም ደከመ። እግሯ ያበጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለገበሬ ማስረዳት ከማንም ይልቅ ይቀላል። መስኖ የሚያጠጣ ሰው ቦዩ ወደ ታች በአንድ ቦታ ቢደፈንበት ውሃው በተደፈነበት ቦታ ላይ ቆሞ እንደማይቀር ያውቃል። ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የላይኛውን ማሳ ያጥለቀልቃል፤ መደቡን ያፈርሳል። ልብ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ፓምፖች ናት። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ግራው በሳንባ ውስጥ ንጹሕ አየር ያገኘውን ደም ተቀብሎ ለመላ አካል ያከፋፍላል። ሳንባ ለልብ ቅርብ ስለሆነና የደም ሥሮቹም ሰፊና ልል ስለሆኑ የቀኙ ፓምፕ ሥራ ቀላል ነው፤ ግድግዳውም ስስ ነው። በክንዳችን ላይ የሚለካው የደም ግፊት የላይኛው ቁጥር በጤነኛ ሰው 120 ገደማ ሲሆን በሳንባ የደም ሥር ያለው አማካይ ግፊት ግን 14 ገደማ ብቻ ነው። ይህ አማካይ ግፊት ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ከ20 ካለፈ ሐኪሞች የሳንባ ደም ሥር ግፊት በሽታ ይሉታል።

ለቀላል አፈር የተገራ ወይፈን በድንገት በመረሬ መሬት ላይ ቢጠመድ መጀመሪያ ይታገላል፤ አንገቱም ይወፍራል። የሚያሳርፈው ካላገኘ ግን ጉልበቱ እየከዳው ሄዶ ከፈር ላይ ይተኛል። የቀኙ ልብም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ሲበረታበት መጀመሪያ ግድግዳው ይወፍራል፣ ቀጥሎ ክፍሉ ይሰፋል፣ ከዚያ መግፋት ያቅተዋል። ወደ ሳንባ መሄድ ያቃተው ደም ወደ ሰውነት ይመለሳል፤ የአንገት ሥር ይገተራል፣ ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል። ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ ወራትና ዓመታት የሚወስድ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሽተኛው ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት «ሰነፈ» ወይም «ዓይን በላው» ሲባል ይኖራል።

ታዲያ ይህን የሚያሳየው መሣሪያ በከተማ ሰዎች ዘንድ ኤኮ የሚባለው ነው። የቃሉ ትርጉም የገደል ማሚቶ ማለት ሲሆን አሠራሩም ያው ነው። እረኛ ከገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ ድምፁ ተመልሶ እንደሚሰማው ሁሉ፣ መሣሪያውም የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ደረት ውስጥ ልኮ የሚመለሰውን እየተቀበለ የልብን ግድግዳ፣ በሮችና የደም አካሄድ ሲንቀሳቀሱ በሥዕል ያሳያል። እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ደም አይቀዳም፤ ቢላ አይነካም። ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ያለ ሥጋት ሊታዩበት ይችላሉ። በሽተኛው በጎኑ ተጋድሞ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል።

ሐኪሙ በዚያ ሥዕል የሚመለከታቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። የቀኙ ልብ ክፍል ከግራው ሲነጻጸር ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ ግድግዳውም ምን ያህል እንደ ወፈረ ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ በጤነኛ ሰው ወደ ቀኝ የጎበጠ ስለሆነ ግራው ክፍል በአግድም ሲታይ ክብ ነው፤ የቀኙ ግፊት ሲያይል ግን ግድግዳው ወደ ግራ ይገፋና ክቡ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይሆናል። ይህ አንድ ጊዜ የታየ እንደሆነ የሚረሳ ሥዕል አይደለም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የግፊቱ አለካክ ነው። በቀኙ ልብ በር በኩል ወደ ኋላ የምታፈተልክ ጥቂት ደም ብዙ ጊዜ ትገኛለች። ከተሰነጠቀ ቧንቧ የሚፈናጠር ውሃ በውስጥ ያለው ግፊት በበረታ መጠን በፍጥነት እንደሚወጣ ሁሉ፣ የዚችም ደም ፍጥነት ተለክቶ በውስጥ ያለው ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል። በእርግጥ ይህ ግምት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር በኩል ወደ ልብ አስገብቶ መለካት ሲሆን ይህ በትላልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የሚሠራ ነው። ለገጠሩ በሽተኛ መንገዱን የሚከፍትለት ግን ኤኮው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ያው ልብ ከተባለ በኋላ መሣሪያው ምን ይጨምራል? መድኃኒት ይስጡት» ሲሉ ይሰማል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሳንባ ደም ሥር ግፊት መነሻው አንድ አይደለም። የግራ ልብ በር ሲጠብ ወይም ጡንቻው ሲደክም ይመጣል። ሳንባው በጭስ ወይም ቀደም ሲል በያዘው የሳንባ ነቀርሳ ሲጎዳ ይመጣል። ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ሄዶ የሳንባን ሥር ሲደፍን ይመጣል። በልቡ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዞ በተወለደ ልጅም ይመጣል። ለአንዱ በሩን ማስፋት ወይም መለወጥ፣ ለሌላው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለሌላው ቀዳዳውን መድፈን፣ ለሌላው ደግሞ ከጭሱ መራቅና ሳንባውን ማከም ይበጃል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል። በናይጄሪያ፣ በካሜሩን፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ መረጃ እንዳመለከተው፣ በኤኮ ታይተው ይህ ግፊት ከተገኘባቸው አዋቂዎች ከመቶ 69 ያህሉ መነሻቸው የግራ ልብ በሽታ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሞቷል። ዘግይቶ መድረስ ማለት ይህ ነው።

በተለይ የሕፃናቱ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በልቡ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ይዞ የተወለደ ልጅ በጊዜ ከተገኘ ቀዳዳው ይዘጋለትና እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ካልተገኘ ግን ወደ ሳንባው የሚጎርፈው ተጨማሪ ደም የሳንባውን ሥሮች ያደድራቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ገዳይ ይሆናል። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው፣ ዕድገቱ የቀጨጨው፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁረው ሕፃን «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ሥራውን የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የመርጃ ድርጅት ለዓመታት ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቶ ያሠራው ሲሆን፣ ዛሬም ተራ የሚጠባበቁት ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ተራው ረጅም ስለሆነ ቶሎ መመዝገብ ያስፈልጋል እንጂ «ተራው ረጅም ነው» ብሎ መቅረት የሚገባ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል። አገራችን የደጋ አገር ናት፤ ከፍታ ደግሞ የሳንባን ግፊት ይጨምራል ይባላል፤ እንግዲያስ ትንፋሽ የሚያጥረው ደገኛ ሁሉ ከአየሩ የተነሣ አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ ተመራማሪዎች በዚሁ በኤኮ መሣሪያ መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በ3,700 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ልብ በ1,200 ሜትር ከሚኖሩ ወገኖቻቸው ልብ ጋር አነጻጽሯል። የደገኞቹ የሳንባ ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ነገር ግን የሳንባ ደም ሥሮቻቸው ጠብበው ደሙን አልከለከሉትም፤ ግፊቱ ከፍ ያለው የሚፈሰው ደም ስለበዛ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ስለዚህ የግፊቱን ቁጥር ብቻ አይቶ በሽተኛ ማለት አይቻልም፤ ልቡ ራሱ መታየት አለበት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጉዳይ ለእኛ ለግብርና ሰዎች እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ የሚረቡ ከብቶች ቀኝ ልባቸው በከፍታው ምክንያት ሲደክም ፍሪምባቸው ያብጣል፤ በሽታውም በዚሁ በፍሪምባ ስም ከተጠራ መቶ ዓመት አልፎታል። በሰሜን ተራሮች አካባቢ የአገራችን ከብቶች የሳንባ ግፊት ሲለካ ግን ለከፍታው የተላመዱ ሆነው ተገኝተዋል። ሶዶ ከተማ ያለችው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የዳሞታ ራስ እንኳ 3,000 ሜትር አይሞላም። የወላይታን ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥረው ከፍታው ነው ብሎ ማለፍ ከእውነት የራቀ ነው። መንስኤውን ከዚያ ይልቅ በልጆች ጉሮሮና በማእድ ቤት ብንፈልገው ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ ስንመጣ በምናልፋት በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 987 ሰዎች በኤኮ ታይተው 37ቱ የሩማቲክ የልብ በር በሽታ እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህን ቁጥር በራሳችን ትምህርት ቤት እናስበው። አንድ ሺህ ተማሪ ካለበት ግቢ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ያህል ማለት ነው! የበሽታው መነሻ ጉሮሮን የሚያሳምም ተራ ጀርም ነው። በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልታከመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉልበትንና ክርንን እየተዘዋወረ የሚያሳብጥ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ያ ትኩሳት ደግሞ የመገጣጠሚያውን ሕመም ይተውና ልብን ይዞ ይቀራል። አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ሐኪም እስካዘዘለት ዘመን ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለበት። በእርሻ ወራት ቀኑ እየተዘለለ የሚቀረው ይህ መርፌ ነው። ለማዳበሪያ ዕዳ የተዋጣለት መዝገብ የሚይዝ የገበሬ ማኅበር የእነዚህን ልጆች የመርፌ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ለመያዝ ምን ያቅተዋል?

የማእድ ቤቱ ጭስ ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተንቋል። በባሕላዊው የሣር ቤት ውስጥ ምድጃው ከመሐል፣ ከብቱ ከአንድ ወገን፣ መኝታው ከሌላው ወገን ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ቅጠልና ኩበት የሚነድበትን ያንን ጭስ እናቲቱ ከልጅነቷ እስከ እርጅናዋ፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ደግሞ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይስበዋል። ለብዙ ዘመን የተሳበ ጭስ የሳንባን ቧንቧ ያጠባል፤ የተጎዳ ሳንባም የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ሸክሙ ተመልሶ በቀኙ ልብ ላይ ይወድቃል። ሲጋራ በአፏ ሳይገባ እንደ አጫሽ የምታስል አሮጊት በየቀበሌው አለች። ማእድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ማበጀት፣ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ፣ ሚርትና ትክክል የተባሉትን ምድጃዎች ማስገባት ለሣንባውም ለደኑም የሚጠቅም ሥራ ነው። በሠርቶ ማሳያ የተሻለ ዘር የምናሳይ ሰዎች በሊቀ መንበሩ ቤት አንድ ጭስ አልባ ማእድ ቤት ማሳየት ያልቻልንበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ አይገባውም።

ወደ እግሩ ልመለስ። ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም። አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ይጎረብጣል፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ውሃም ያዣል። በሽተኛው ግን ትንፋሹ ደኅና ነው። ከልብ የሚመጣው እብጠት ብዙ ጊዜ ሁለቱን እግር እኩል ይይዛል፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ይወጠራል፤ ጣት ሲጫነው ይጎደጉዳል፤ ወደ ማታ ይብሳል። ከእርሱም ጋር ሽቅብ ሲወጡ ማለክለክ፣ ሌሊት ተጋድሞ መተኛት አለመቻል፣ የሆድ መነፋት፣ የልብ ምት መዘባረቅ፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ይመጣል። አንዱ ሰው ሁለቱም በሽታ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ኩላሊትና ጉበትም እግር እንደሚያሳብጡ መዘንጋት አይገባም። ለይቶ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። የገበሬው ማኅበር መሪ ሥራ «ትንፋሽህስ?» ብሎ መጠየቅና ያንን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። እንዲህ የምታለከልክ ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። የሳንባው ግፊት በበረታበት ልብ ላይ እርግዝናና ወሊድ ሲጨመር እናቲቱን የሚቀጥፍ አደጋ ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለሬሳ መኪና ይከራያል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሶዶ ደርሶ ለመታየት የመኪና ገንዘብ አጥቶ ሲቀር ግን እድሩ ደንቡ አይፈቅድም ይላል። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ለአንድ ቀብር ከሚወጣው ጥቂቱን ለበሽተኛ መጓጓዣ የሚያውል አንቀጽ ለመጨመር የአንድ እሑድ ስብሰባ ይበቃል። የጤና መድን መዋጮም በሚሰበሰብበት ጊዜ መሪዎች ገንዘቡን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ አባሉ የሪፈር ወረቀቱን ተከትሎ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ ምን መብት እንዳለው ማስረዳት አለባቸው። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ከተማ የሄደ ገበሬ ከኪሱ ከፍሎ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የልብ አልትራሳውንድ የሚሠራበትን ቀን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅም ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ከኪንዶ ኮይሻ ተነሥቶ በባዶ ለሚመለስ በሽተኛ ግን ትንሽ አይደለችም።

«የገበሬ ማኅበር የተቋቋመው ለመሬትና ለግብር ጉዳይ ነው፤ ልብ ምኑ ነው?» የሚሉ መሪዎች አጋጥመውኛል። መልሴ ከእርሻው የወጣ ነው። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰው ብዙ ነው፤ የአብዛኛው ቤተሰብ ሀብት ጉልበቱ ነው። ከላይ የጠቀስኋት ሴት ከታመመች ወዲህ የእንሰቱ መፋቅ ለአማቷ፣ ውሃው ለትምህርት ቤት ልጇ ተላልፏል። ለሕክምናዋም አንድ በሬ ተሸጧል፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ባለቤቷ ዘንድሮ መሬቱን የእኩል ሰጥቷል። ይህ የልማት ጉዳይ ካልሆነ የትኛው ነው?

ለመንግሥት አካላትም የማቀርበው አሳብ አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ሶዶ ናት፤ ሪፈራል ሆስፒታልም የሕክምና ተማሪዎች የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አሏት። ዛሬ የልብ አልትራሳውንድ በከረጢት የሚያዝ፣ እንዲያውም በመዳፍ የሚጨበጥ ሆኗል። በወር አንድ ቀን አንድ የሠለጠነ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ በተራ ወደ ሁምቦ፣ ወደ ገሱባ፣ ወደ በሌና ወደ በዴሳ ጤና ጣቢያዎች ቢወጣ፣ ከሃምሳ በሽተኛ ጉዞ የአንድ ሐኪም ጉዞ ይረክሳል። የእግር እንክብካቤ በሚሰጥባቸው ቦታዎች ደግሞ ለመታጠብ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነው፤ ዳገት ሲወጣ ያለከልክ እንደሆነና ተጋድሞ ይተኛ እንደሆነ። እነዚህን ለመጠየቅ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

ያቺ ሴት አሁን ውሃውን የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰደች ነው። እግሯ ጎድሏል፤ አዲስ አበባ ለበሩ ሕክምና ተራ ይዛለች። አማቷ ሊቀ መንበሩ ባለፈው ወር በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው እግራቸው ያበጠ ሰዎች ስም እንዲመዘገብ፣ ከስሙም ጎን ሌሊት እንዴት እንደሚተኙ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ስም ተጻፈ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ተቀምጠው የሚያድሩ ሆነው ተገኙ፤ በሚቀጥለው ሰኞም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሦስቱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደች።